ግዝት፣ መሐላና ጦር፦ የሱስንዮስ ምላስ ነገር

ጥያቄው ይህ ነው፦ «መምህር፣ ያደግኩት አዘዞ ነው። አያቴ አፄ ሱስንዮስ ሃይማኖቱን ለውጦ ሕዝቡን ስላስጨነቀ ምላሱ ተጎልጉሎ ወጣ፣ ሃይማኖቱን ሲመልስ ዳነ ትለኛለች። ኮሌጅ ያስተማረን መምህር ደግሞ ሃይማኖት ሽፋን ነው፣ ነገሩ ሁሉ ሥልጣንና መሬት ነው ይላል። በጦርነት ጊዜ ሃይማኖት በእውነት የመንግሥትን ውሳኔ ይለውጥ ነበር? ወይስ ነገሥታቱ እንደፈለጉ የሚጫወቱበት ነገር ነበር?»

ጥያቄህን ሳነብ ሳቄ መጣ። የምላሱን ታሪክ እኔንም አያቴ ነግራኛለች። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደግሞ ያንተን መምህር የሚመስል ሰው ገጠመኝ። ለብዙ ዓመት የመምህሩ ወገን ነበርኩ። አሁን ግን ወደ አያቶቻችን ጠጋ ብያለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ። ረዘም ስለሚል ቡናህን አስቀርበህ አንብበው። ዓመቶቹ ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከወታደሩ እንጀምር። በዚያ ዘመን በየወሩ ደመወዝ እየተከፈለው ካምፕ የሚቀመጥ ጦር የለም። ንጉሡ ክተት ሲል የሚመጣው ባላባቱ፣ ሹሙ፣ መሬት የተሰጠው ጨዋ (ወታደር) ነው። ስንቁን በአህያ ጭኖ፣ ሰዎቹን አስከትሎ ይመጣል። ይህን ሁሉ ሰው ከንጉሡ ጋር ያሰረው ሁለት ነገር ነው። አንዱ መሬት ነው፤ ሌላው መሐላ። መሬቱን ንጉሡ ይሰጣል፣ ሲፈልግም ይነቅላል። መሐላው ግን የሚፈጸመው በካህን ፊት፣ በመስቀልና በወንጌል ነው። መፍቻው ንጉሡ እጅ የለም።

መፍቻው ያለው ጳጳሱ ዘንድ ነው። ጳጳሱ ደግሞ ከእስክንድርያ ተቀብቶ የሚመጣ ግብጻዊ ነው። አገሩንም ቋንቋውንም የሚለምደው እዚህ ከመጣ በኋላ ነው። ዘመድ የለው፣ ርስት ያወረሰው አባት የለው፣ የራሱ ጦር የለው። ግን ያለ እሱ ቄስና ዲያቆን የሚሾም የለም። ንጉሥ የሚቀባም የለም። አስቸገረኝ ብለህ ልትቀይረው ብትል ደግሞ ወደ ግብጽ መልእክተኛ መላክ፣ ብዙ ወርቅ ማውጣት፣ የግብጽን ገዢዎች ደጅ መጥናት ሊኖርብህ ነው። ዓመታት ይፈጃል።

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እንላለን። አዎ፣ አይከሰስም። ግን ይገዘታል። የተገዘተ ንጉሥ ክተት ቢል ደግሞ ባላባቱ ቤቱ ለመቅረት በቂ ምክንያት አለው።

ይህ ሆኖ የታየ ነገር ነው። አፄ ዘድንግል ነገሠና ብዙም ሳይቆይ ፔድሮ ፓኤዝ ከሚባል ኢየሱሳዊ (የካቶሊኮቹ የጀዝዊት ማኅበር) ቄስ ጋር ተወዳጀ። ከዚያ ቅዳሜን አታክብሩ አለ። የጊዜው ጳጳስ አቡነ ጴጥሮስ (በኋላ ከማነሳቸው ሰማዕቱ ጋር እንዳታምታታቸው) ወታደሩን ከመሐላው ፈቱት። ጥቅምት 1597 ዓ.ም. ደንቢያ ውስጥ ባርጫ ላይ ውጊያ ሆነ። ዘድንግል እዚያው ወደቀ። የነገሠበትን ጊዜ ብትቆጥረው ሁለት ዓመት አይሞላም።

እንግዲህ ሱስንዮስ ይህ ሁሉ ሲሆን ሕፃን አልነበረም። ዙፋኑን ከሚፈልጉት አንዱ እሱ ነበር። ዙፋኑን ያገኘውም መጋቢት 1599 ጎል ላይ አፄ ያዕቆብን ድል አድርጎ ነው። በዚያ ውጊያ ከያዕቆብ ጋር የሞተው ማን ይመስልሃል? እኒያው አቡነ ጴጥሮስ ናቸው። ጳጳስ፣ ጦር ሜዳ ላይ። አሥር ዓመት ቆይቶ የሱስንዮስ አማች ዮልዮስ ስለ ሃይማኖት ሸፈተ። የጊዜው ጳጳስ አቡነ ስምዖን ከዮልዮስ ጎን ቆሙ፤ በ1609 እሳቸውም አብረው ተገደሉ። ሱስንዮስን የተቃወሙ ሁለት ጳጳሳት፣ ሁለቱም ውጊያ ላይ ሞቱ ማለት ነው። ለእኔ ይህ ከማንኛውም የነገረ መለኮት ክርክር ይልቅ ይናገራል። እነዚህ ሰዎች ከሩቅ ሆነው መስቀል የሚያሳልሙ አልነበሩም። ራሳቸው የጦር መሣሪያ ነበሩ፤ ሱስንዮስም እንደዚያ ቆጥሯቸዋል።

ታዲያ ይህን እያየ ለምን ወደ ሮም ሄደ? እዚህ ላይ መምህርህ ልክ ነው። ሰውየው ነፍጥ ፈልጎ ነው። ሰማንያ ዓመት ወደ ኋላ ሂድ። በ1533 አራት መቶ ፖርቱጋላውያን ከክርስቶፎሮስ ዳ ጋማ ጋር መጡ፤ የተረፉት በ1535 ወይና ደጋ ላይ ግራኝ አሕመድ ሲወድቅ ከአፄ ገላውዴዎስ ጋር ነበሩ። ይህ ትዝታ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ሞቶ አያውቅም። ሱስንዮስ ደግሞ በአንድ በኩል የኦሮሞ ጦር፣ በሌላ በኩል በየአውራጃው የሚሸፍት መኳንንት አለበት። ስለዚህ ለሮሙ ጳጳስና ያን ጊዜ ፖርቱጋልንም ለሚገዛው የስፔን ንጉሥ ወታደር ላኩልኝ ብሎ ጻፈ። የሚመጣው ጦር ጠላቱንም መኳንንቱንም ቀጥ ያደርግልኛል ብሎ ነው።

ጦሩ አልመጣም። የመጣው ፓትርያርክ ነው።

አልፎንሶ ሜንዴዝ በ1617 ደረሰ፤ በየካቲት 1618 ንጉሡ ደንቀዝ ላይ በአደባባይ ለሮም መገዛቱን ማለ። ፓኤዝ ብልህ ሰው ነበር፤ ግዕዙንም አማርኛውንም ተምሮ፣ ቀስ እያለ፣ እየተጫወተ ነበር የሚያሳምን። እሱ ግን ከሦስት ዓመት በፊት ሞቷል። ሜንዴዝ የመጣው ሁሉንም ባንድ ጊዜ ሊያስተካክል ነው። ሕዝቡ እንደገና ይጠመቅ፣ ቄሱ እንደገና ይሾም፣ ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ይባረክ አለ። ግዝረት ይቅር፤ የጾሙና የበዓሉ ቀን በሮም አቆጣጠር ይሁን አለ። በመንበሩ ሥር የተቀበረ አንድ የታወቀ መነኩሴ አስቆፍሮ አስወጣ ተብሎም ተጽፏል። ይህ የመጨረሻው ነገር ገጠር ላለ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ለአንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

አሁን ልብ በል። ስለ ክርስቶስ ባሕርይ፣ አንድ ነው ሁለት ነው የሚለው ክርክር፣ ለዓመታት ግቢ ውስጥ ሲካሄድ አገር አልተናወጠም። መነኮሳት ተከራከሩ፣ አንዳንዱ ተገረፈ፣ አለፈ። አገር የተነሳው ነገሩ ወደ ገበሬው ሳምንት ሲገባ ነው። ቅዳሜ ይታረስ የሚለው ትእዛዝ ሲወጣ የበጌምድሩ ገዢ ዮናኤል ሸፈተ፤ ከዚያ ሌላውም ቀጠለ። ለገበሬው ሃይማኖት ማለት ቅዳሜ የማይጠመድ በሬ ነው፤ በስምንተኛው ቀን የሚገረዝ ልጅ ነው፤ አባቱ የተቀበረበት ደጀ ሰላም ነው። እዚያ ላይ እጅህን ስታሳርፍ ሽፋን የሚባል ነገር የለም። ቆዳውን ነው የነካኸው።

ሥልጣንና መሬት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሊገባን የማይችል ሰውም ሞልቷል። ወለተ ጴጥሮስን ውሰድ። ባሏ የንጉሡ ሹም ነበር፤ ቤቷ ሙሉ፣ ክብሯ ሙሉ ነበር። አቡነ ስምዖን ሲገደሉ ባሌ በዚህ እጁ አለበት ብላ ጥላው ወጣች፣ መነኮሰች፣ ንጉሡን በአደባባይ አወገዘች። ተጋዘች፤ ከአቋሟ ግን አልተመለሰችም። በሌላው ወገን ደግሞ የንጉሡ ወንድም ራስ ስዕለ ክርስቶስ አለ። እሱ ካቶሊክ የሆነው ከልቡ ነው። የንጉሡ ልጅ ፋሲል ነግሦ ሁሉ ሰው ሲመለስ እሱ አልመለስም አለ፤ ሹመቱን አጣ፣ ተጋዘ። ከሁለቱም አንዳቸውም ያተረፉት ነገር የለም። መምህርህን ስታገኘው ስለነዚህ ሁለት ሰዎች ጠይቅልኝ።

መጨረሻው የመጣው በ1624 ነው። የላስታ ገበሬዎች መልክአ ክርስቶስን ይዘው ተነስተው ወደ ወይና ደጋ ወረዱ። ሱስንዮስ ገጠማቸው፤ አሸነፈም። ኢየሱሳውያኑ ራሳቸው እንደጻፉት ስምንት ሺህ ያህል ሰው ወደቀ። በማግሥቱ ንጉሡ ሜዳውን ሲያይ ሹማምንቱ ቀረቡና ያሉት ነገር በጽሑፍ ተርፏል። ቃል በቃል ባልጠቅሰውም ሐሳቡ ይህ ነው፦ እነዚህ የወደቁት እስላም አይደሉም፣ አረማዊ አይደሉም፤ የእኛው ክርስቲያኖች፣ የእርስዎው ዜጎች፣ የአንዳንዳችን ዘመዶች ናቸው፤ እንዲህ ዓይነት ድል የራስን ሆድ በራስ ጎራዴ መውጋት ነው። ይህን ካሉት መካከል ልጁ ፋሲል አለበት። ፋሲል በዚያ ጦርነት ከአባቱ ጎን የተዋጋ ሰው ነው።

ሰኔ 1624 አዋጅ ተነገረ። ይህን ሃይማኖት ያመጣንላችሁ ደግ መስሎን ነበር፤ ብዙ ሰው አለቀ፤ የአባቶቻችሁን ሃይማኖት መልሰንላችኋል፤ ታቦታችሁን አስገቡ፣ ቀድሱ፣ ደስ ይበላችሁ የሚል ነው። ሕዝቡ ደግሞ «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» አለ። ዐረፍተ ነገሩን እስቲ ደግመህ አንብበው። ሁለት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ነው። የትኛው የፖለቲካ፣ የትኛው የሃይማኖት እንደሆነ ልትለያቸው ብትሞክር ዐረፍተ ነገሩ ይፈርስብሃል።

እዚህ ላይ ወደ ምላሱ ልመለስ። ሐኪም አይደለሁም፤ ንጉሡ በመጨረሻው ዘመኑ ታሞ እንደነበር ግን የታወቀ ነው። አያትህ የሚነግሩህ ታሪክ የሕመም ታሪክ ብቻ አይመስለኝም። የንጉሥ ምላስ ምንድን ነው? አዋጁ ነው። ሃይማኖት ለውጡ ሲል ምላሱ አልሠራም፤ መልሱ ሲል ሠራ። ሕዝቡ በራሱ ቋንቋ የጻፈው የፖለቲካ ትንታኔ ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ አንዳንድ የማነባቸው የምርምር ጽሑፎች ይህን ያህል ግልጽ አይደሉም።

ፋሲል ከአባቱ ስሕተት የተማረው ነገር ቀላል ነው፦ መፍቻውን ከእስክንድርያ ውጪ ለማንም አትስጥ። ኢየሱሳውያኑን አባረረ። በ1628 ጎንደርን መቀመጫው አደረገ። ከዚያ ያደረገው ነገር ግን ሁልጊዜ ያስቀኛል። ምጽዋና ሱዋኪን ካሉት የቱርክ ፓሻዎች ጋር የሚመጣ የካቶሊክ ቄስ እንዳያልፍ ተስማማ። በ1640 ሦስት ካፑቺን መነኮሳት ሱዋኪን ላይ አንገታቸው ተቀላ። ክርስቲያኑ ንጉሥ ክርስቲያን እንዳይገባበት ሙስሊም ዘበኛ አቆመ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ደግሞ የየመኑ ኢማም መልእክተኛ ጎንደር ገባ። ሐሰን አልሐይሚ ይባላል። ፋሲል ወደ የመን ወዳጅነት የሚጠይቅ ደብዳቤ ልኮ ነበር። ኢማሙ ደብዳቤውን ሲያነብ፣ ንጉሡ ፈርንጆቹን ያባረረው ሊሰልም ቢያስብ ነው ብሎ ተረጎመው። አልሐይሚ ያን ሁሉ በረሃና ተራራ አቋርጦ ሲደርስ ያገኘው ግን ነጋዴ ንጉሥ ነው። ፋሲል የፈለገው ቱርክ ከያዘው ምጽዋ የሚያስመልጥ፣ በበይሉል በኩል የሚያልፍ መንገድ ነው። አልሐይሚ ቅር ብሎት ተመለሰና ያየውን ጻፈ። እኛም ስለ ቀደምት ጎንደር ያን መጽሐፍ አገኘን። ሃይማኖትን ሽፋን ማድረግ የሚባለው ነገር ካለ ለእኔ ይህ ነው፤ ያውም ሽፋኑን የሰፋው ደብዳቤው የደረሰው ወገን ነው።

የጦርነቱ ፍርሃት ግን ቤት ውስጥም ዱላ አሳርፏል። የፋሲል ልጅ ቀዳማዊ ዮሐንስ በ1660 ጉባኤ አድርጎ የቀሩት ፈረንጆች ሃይማኖታቸውን ይለውጡ ወይ ይውጡ፣ ሙስሊሙም ከክርስቲያኑ ተለይቶ ይስፈር አለ። አዲስ ዓለም የምንለው ሰፈር የዚያ ታሪክ ነው፤ ቤተ እስራኤሎችም እንዲሁ ለብቻቸው ሆኑ። የጎንደር ሙስሊም ሱስንዮስን ሮም አልላከውም። ነጋዴ ነው፤ የቤተ መንግሥቱን ሐርና ባሩድ ሳይቀር ከባሕር የሚያመጣው እሱ ነበር። ቢሆንም ጠቡ ከፈረንጅ፣ ቅጣቱ ለጎረቤት ሆነ።

ከዚያ በኋላ ቅባት ነው፣ ጸጋ ነው፣ ተዋሕዶ ነው እየተባለ (ስለ ክርስቶስ መቀባት የተለያየ ትምህርት የያዙ ወገኖች ናቸው) ከመቶ ዓመት በላይ ጎንደር ስትከራከር ኖረች። ዝርዝሩ ለሌላ ቀን ይሁን። ክርክሩ ደም ያፈሰሰበት ጊዜ እንደነበር ብቻ እወቅ፤ በአፄ ዳዊት ሣልሳዊ ዘመን የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት እዚሁ ከተማ ውስጥ ተጨፍጭፈዋል።

አሁን ወደ ቋራው ሰው እንለፍ። ካሳ ኃይሉ መፍቻው የት እንዳለ ከማንም በላይ የገባው ሰው ነው። የጊዜው ጳጳስ አቡነ ሰላማ የሚፈልጉት ተዋሕዶ ብቻ እንዲሰበክ ነበር። ካሳ የሚፈልገው መቀባት ነበር። በ1846 አምባ ጫራ ላይ ተስማሙ፤ ተዋሕዶ ታወጀ። የካቲት 1847 ካሳ ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ተብሎ ተቀባ። ይህችን ቤተ ክርስቲያን ያሠራው የካሳ ባላንጣ ደጃች ውቤ እኮ ነው፤ እነግሥባታለሁ ብሎ። አቡነ ሰላማንም ከግብጽ ያስመጣው ውቤ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም ጳጳሱም የካሳ ሆኑ። ስሙም እንዲያው የወጣ አልነበረም። ቴዎድሮስ የሚባል ንጉሥ ይነሳል የሚለውን ትንቢት ሕዝቡ ያውቀዋል።

ስምምነቱ የፈረሰው ግን በእንጀራ ነው። ቴዎድሮስ ዘራፊ ሳይሆን ደመወዝተኛ የሆነ ጦር ፈለገ። ደመወዝ ከየት ይምጣ? ጎንደር ዙሪያ ያለው ለም መሬት የቤተ ክርስቲያን ሪም (ለአገልጋዮቿ የተሰጠ መሬት) ነው። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የእነሱን ድርሻ ትቶ የቀረው መሬት ለመንግሥት ይሁን አለ። ስሌቱን ብታየው አይገርምም። ጦር የሚቀለብ መንግሥት ሁሉ የሚያደርገው ስሌት ነው። ካህናቱ ግን እምቢ አሉ። ካህን እምቢ ሲል ምን ይሆናል? በየቅዳሴው፣ በየተዝካሩ፣ በየሠርጉ እምቢታው ይነገራል። ያን ጊዜ ሬዲዮ የለም። ካህኑ ነው ሬዲዮው። ቴዎድሮስ አዋጅ ነጋሪው በወር አንዴ የሚደርስበት መንደር ውስጥ ካህኑ በየሳምንቱ አለ።

ከዚያ የሆነውን የጎንደር ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አቡነ ሰላማን መቅደላ አሰራቸው፤ በ1860 እዚያው እስር ላይ ሞቱ። በ1859 ጎንደርን ዘረፈ፣ አቃጠለ። የአብያተ ክርስቲያናቱ ንዋያትና መጻሕፍት ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ መቅደላ ሄዱ። እንግሊዞች መጥተው መቅደላን ሲሰብሩ ሦስት መቶ ሃምሳ የሚያህሉት የብራና መጻሕፍት ለንደን ገቡ። ዛሬ አንድ የጎንደር ልጅ የደብሩን መጽሐፍ ለማየት ቪዛ ይጠይቃል። በዚያ ጊዜ ያ ትልቅ ጦር ተበትኖ ጥቂት ሺህ ቀርቶት ነበር። ግዝቱ ብቻ በተነው አልልህም። ረኃቡም፣ ጭካኔውም አለ። ግን ከመሐላው ለማምለጥ ለፈለገ ወታደር፣ ጳጳስ ያሰረና ቤተ ክርስቲያን ያቃጠለ ንጉሥ ጥሩ ምክንያት ሰጥቶታል።

አፄ ዮሐንስ አራተኛ ደግሞ ከቴዎድሮስ ተቃራኒ ነው። ቤተ ክርስቲያንን አከበረ፤ ግን አገር አንድ የሚሆነው ሃይማኖት አንድ ሲሆን ነው ብሎ ከልቡ አመነ። በ1870 ቦሩ ሜዳ ላይ የጸጋ ወገኖች ተረቱ፤ ቀጥሎ ሙስሊም ሹማምንት ይጠመቁ ወይ ሹመታቸውን ይልቀቁ ተባለ። የወሎው መሐመድ አሊ ተጠምቆ ሚካኤል ተባለ። ሼህ ጠልሃ ግን ሸፈተ። አንዳንዱም ወደ መተማ ተሻገረ። ያን ጊዜ ከመተማ ማዶ ማን አለ? ማሕዲ፤ ተከታዮቹን ድርቡሽ የምንላቸው የሱዳን የሃይማኖት መሪ።

የድርቡሹን ጦርነት ያመጣው ይህ ብቻ አይደለም። በ1876 ከእንግሊዙ ሂወት ጋር በተደረገው ውል ዮሐንስ የግብጽን ጦር ከሱዳን ድንበር ሊያስወጣ ተስማማ፤ ያ ውል ነው ከድርቡሽ ጋር ያቃቃረው። ውሉን ያስፈረሙት ደግሞ ወዲያው ምጽዋን ለጣሊያን ለቀቁለት። ጥር 1880 የድርቡሹ ጦር አዛዥ አቡ አንጃ ሳር ውሃ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርጎ ጎንደር ገባ። አብያተ ክርስቲያናቱ ተቃጠሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ተረፈ፤ ንብ ጠበቀው ይባላል። ተማሪዎቼን ይዤ ስሄድ ሁልጊዜ አንድ ሰው ንቡ እውነት ነው ወይ ብሎ ይጠይቀኛል። ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው ላይ ያሉት መላእክት እያዩህ ነው፤ ሌላውን አንተ ጨርሰው እላለሁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ያለችው አንዲት ደብዳቤ ናት ለጥያቄህ የምትሆነው። በ1881 መጀመሪያ ላይ፣ ጎንደር ከተቃጠለ ዓመት ሳይሞላ፣ ያ ለሃይማኖቱ ቀናተኛ የነበረ ዮሐንስ ለአቡ አንጃ ሰላም ይሁን ብሎ ጻፈ። የጋራ ጠላታችን አውሮፓውያን ናቸው፣ እናንተም እኛም ብንዋጋ ድሆች ይሞታሉ እንጂ ጥቅም የለውም የሚል ነው። ሲያስጨንቀው ሃይማኖቱን ወደ ጎን አድርጎ ፖለቲካ ማሰብ ይችል ነበር ማለት ነው። የመጣው መልስ ስድብ ነበር። ስልም፣ አለዚያ እንመጣለን። መጋቢት 1881 ዮሐንስ መተማ ላይ ወደቀ፤ ራሱም ኦምዱርማን ተወሰደ። ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር ነው። ሃይማኖትን የጦርነት ቋንቋ ካደረግከው በኋላ የሰላም ደብዳቤ ብትጽፍ የሚያነብልህ አታገኝም። ማዶ ያለውም በዚያው ቋንቋ ነው የሚሰማህ።

አድዋን ለማለፍ ያህል፦ ምኒልክ በክተት አዋጁ ጠላቱን «አገር የሚያጠፋ፣ ሃይማኖት የሚለውጥ» ነው ያለው። እንደ ፋሲሉ መፈክር ሁለቱ አብረው ናቸው። የልጅ ኢያሱ ነገር ደግሞ የባርጫው ቅጂ ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 አቡነ ማቴዎስ መኳንንቱን ከመሐላቸው ፈቱ፣ ኢያሱ ተሻረ። ክሱ ሰልሟል የሚል ነው፤ እውነት ነው አይደለም የሚለው ዛሬም ያከራክራል። ግን ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ነው። ኢያሱ ወደ ቱርክና ጀርመን ያዘነብላል ብለው የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይና የጣሊያን ሌጋሲዮኖች ሲጮኹ ነበር። በወሩ ሰገሌ ላይ አባቱ ንጉሥ ሚካኤል ተሸነፈ፤ ያው በቦሩ ሜዳ ዘመን የተጠመቀው መሐመድ አሊ።

ጣሊያን ሲመጣ ይህን ሁሉ አጥንቶ ነው የመጣው። አቡነ ጴጥሮስን አርበኞቹን አውግዙ አላቸው። እሳቸው የገዘቱት ለጣሊያን የሚያድረውን ነው። ሐምሌ 22 ቀን 1928 አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። ግንቦት 1929 የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት አለቁ። ከዚያ በ1930 ጣሊያን ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ ቆርጦ አቡነ አብርሃምን ሊቀ ጳጳስ አደረገ፤ እስክንድርያም አወገዘቻቸው። በሌላ በኩል ለሙስሊሙ መስጊድ እየሠራ ክርስቲያን ጨቁኖህ ነበር ይለው ነበር። በጦር ሜዳ የያዝከውን አገር ያለ መሐላ መግዛት እንደማይቻል ገብቶታል። ግን የራሱን ጳጳስ ቢሾምም አርበኛው በጫካ ከነበረው ቄሱ ጋር ነው የቀረው። ጎንደርም ኅዳር 1934 ጣሊያን ከለቀቃቸው የመጨረሻዋ ሆነች።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተውህ። ጳጳሱ ግብጻዊ መሆኑ ሁልጊዜ እንደ ውርደት ነው የሚነገረን፤ ትክክል ነው፣ ውርደትም ነበረው። በ1943 አቡነ ባስልዮስ እስክንድርያ የተቀበለችው የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ ሆኑ፣ በ1951 ፓትርያርክ። አገር ደስ አለው። ግን መፍቻው አገር ቤት ሲገባ ከቤተ መንግሥቱ እጅም ቀረበ። ቴዎድሮስ አቡነ ሰላማን አሰራቸው እንጂ በቦታቸው ሌላ ጳጳስ መሾም አልቻለም። ደርግ በ1968 አቡነ ቴዎፍሎስን አውርዶ በወራት ውስጥ ሌላ ፓትርያርክ አስቀመጠ፤ አቡነ ቴዎፍሎስንም ኋላ ገደላቸው። ዛሬ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ላይ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ አንዱ በሌላው ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። በ1987 የተጻፈች አጭር አንቀጽ ናት። ከላይ ያወራሁልህን ሁሉ ካነበብክ በኋላ ሄደህ አንብባት።

ከአዘዞ መሆንህን ስለጻፍክ ደግሞ አንድ የቤት ሥራ አለህ። አያትህ ገነተ ኢየሱስ ይስሙ እንደሆነ ጠይቃቸው። ደብሩን የተከለው ሱስንዮስ ነው። ዙፋኑን ለልጁ ከተወ ከጥቂት ወራት በኋላ ሞቶ የተቀበረውም እዚያ ነው። ኢየሱሳውያኑ እንደ ካቶሊክ ሞተ ብለው ጻፉ፤ የእኛዎቹ ተመልሶ ሞተ አሉ። ልጁ ፋሲል የአባቱን ቄሶች ከአገር ሲያባርር አባቱን ግን በክብር አዘዞ አስቀበረ። ምናልባት አያትህ ለዓመታት የምላሱን ታሪክ ሲነግሩህ ሰውየው ከቤታችሁ ብዙም ሳይርቅ ተኝቶ ሲሰማ ነበር።